የጎጉ መምህር ሬዲዮ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጣቢያው ዝም ብሎ?

(ይህ ጽሑፍ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ ጀማሪ ዘጋቢዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። የአፍ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ፣ ብዙም ሳልነካካው ለጋዜጣው አቅርቤዋለሁ።)



በጥያቄ ልጀምር። ከእናንተ መካከል ቤቱ ሬዲዮ ያለው እጁን ያውጣ። ... ሦስት። ይኸ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሦስት እጅ! «ስልኬ ውስጥ አለ» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እሱን ተዉት። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኤፍ ኤም ነው። ኤፍ ኤም የሰፈር ወሬ ነው፤ ከማሰራጫው ማማ ጋር ፊት ለፊት ካልተያዩ አይሰማም፤ ጋራ ከጋረደው አለቀለት። እኔ የማወራችሁ ጋራ ስለማያግደው፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ ስለሚመጣው ነው። ስለ ኤ ኤም፤ ማለትም ስለ መካከለኛ ሞገድና ስለ ወንድሙ ስለ አጭር ሞገድ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ፣ ብዙ ጊዜም የማይከፈለኝ ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። (ሳቅ።) ስለ ሬዲዮ የማውቀውን ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አባቴ ነው። በልጅነቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ቤታችን ውስጥ ሳል እንኳ ክልክል ነበር። አባቴ ሬዲዮውን ከጆሮው ሥር አድርጎ፣ መቃኛውን በሁለት ጣቱ እንደ ሰዓት ሠሪ እያሻሸ የአሜሪካ ድምፅን ይፈልጋል። እናቴ እንኳ ቡናዋን የምታንቃርረው ዜናው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛው አስተማሪዬ ግን በጎግ ያገኘኋቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የዛሬው ንግግሬ የእሳቸው ነው ብትሉ አልቀየምም።

ጎግ የት ነው? ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ አላፍርባችሁም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ጎግ በጋምቤላ ክልል ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። ከጋምቤላ ከተማ በአቦቦ በኩል ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። የአኝዋክ አገር ነው። የጊሎ ወንዝ እዚያ ያልፋል፤ ፑኝዶ የሚባለው የስደተኞች መጠለያም እዚያው ነው። ጋምቤላ ራሷ ከአዲስ አበባ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ቀድሞ ወሬ ወደዚያ አገር የሚገባው በውኃ ነበር። ከ1902 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ድረስ እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ይዘው ነበርና፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጨውና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የዓለምን ወሬም ጭኖ ይመጣ ነበር። በበጋ ወሬ የለም። እስቲ አስቡት፤ ወሬ በወቅት የሚዘንብበት አገር!

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ስለ ስደተኞቹ ለመጻፍ ብዬ ሄድኩ። ከአቦቦ በኋላ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው የገባሁት። አቧራው፣ ሙቀቱ ... እሱን ልለፈው። ያሳደሩኝ መምህር ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ማንጎ ዛፍ ሥር አንድ ዱካ ተቀምጧል። በዱካው ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ሬዲዮ ነው የሚቀመጠው። መዳፍ የምታክል፣ መክደኛዋ የጠፋባት፣ ድንጋዩ እንዳይወድቅ በብስክሌት ካላማዳሪ የታሰረች ጥቁር የቻይና ሬዲዮ። በመቃኛዋ መስታወት ላይ በእስክሪብቶ የተነጠቡ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። በዱካው ጠርዝ ላይ ደግሞ በቢላዋ የተጫሩ መስመሮች አየሁ።

«መምህር፣ ይኼ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ይኸኛው ኦምዱርማን፣ ይኸኛው መቱ፣ ይኸኛው ጁባ» አሉኝ፣ መስመሮቹን በጣታቸው እየነኩ። «ልጄ፣ አንተ አገር ሰው መንገዱን በእግሩ ያውቃል። እኔ በጆሮዬ ነው የማውቀው።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ የትምህርት ሰዓት ላድርግባችሁ፤ ታገሡኝ። በትንሽ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ። ፌራይት ይባላል። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና እሱ ነው፤ ያ የሚሳበውና የሚመዘዘው የብረት ዘንግ ለአጭር ሞገድና ለኤፍ ኤም እንጂ ለመካከለኛው ምንም አይሠራም። ያ ጥቁር ዘንግ ጎኑን ወደ ጣቢያው ሲሰጥ ድምፁ ይጎላል፤ ጫፉን ሲያዞርበት ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ጣቢያ ቢደራረብባችሁ አትናደዱ፤ ሬዲዮውን አዙሩት። አንደኛው ይሰምጣል፣ ሌላኛው ይወጣል። የመምህሩ ዱካ ለዚህ ነው የተጫረው። ሰው ሬዲዮኑን በጥፊ ሲመታ አይቻለሁ፤ ማዞር ግን ማንም አያስተምረንም።

ሌላው ምሥጢር ፀሐይ ናት። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የምትቀባበት ንጣፍ አለ። ቀን ቀን ይህ ንጣፍ መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል። ስለዚህ ቀን የምትሰሙት መሬት ለመሬት እየተሳበ የሚመጣውን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ንጣፉ ይጠፋል። ያኔ ሞገዱ ከዚያ በላይ ወዳለው፣ ሌሊትም ወደማይጠፋው ሌላ ንጣፍ ይወጣና እንደ መስታወት ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ከጣቢያው በመቶና በሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ። ይህን ንጣፍ በ1924 እ.ኤ.አ. በሙከራ ያረጋገጠው እንግሊዛዊው አፕልተን ነው፤ በ1947ም ኖቤል ሸልመውታል። መምህሩ አፕልተንን አያውቁትም። የእሳቸው ማብራሪያ የዓሣ አጥማጅ ነው፤ «ሬዲዮ እንደ ጊሎ ዓሣ ነው። ቀን ጥልቁ ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣል» አሉኝ። የትኛው ማብራሪያ እንደሚሻል ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እኔ ቁጥር የምታሳይ ትንሽ ሬዲዮ ይዤ ነበርና የመምህሩን ነጥቦች አንድ በአንድ አመሳከርናቸው። በአፍሪካም ሆነ በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ቁጥሮች በ1975 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በተደረገው ስምምነት መሠረት በዘጠኝ የሚካፈሉ ናቸው፤ ከ531 ጀምሮ እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ። ከሰዓት በኋላ 684 ላይ መቱ አለ፤ ያለ እንከን። ፀሐይዋ ጠልቃ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሴቶቹ የበቆሎ ገንፎ በዓሣ ሲያቀርቡ፣ ከመቱ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ጫጫታ ውስጥ የሰው ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ዜማ ይመስላል፤ ከዚያ ቋንቋ ይሆናል። 1296 ላይ ኦምዱርማን፤ 1431 ላይ አሜሪካኖቹ ከጅቡቲ የሚያሰራጩት ዐረብኛ፤ 819 ላይ ግብፅ፤ 1521 ላይ ከቀይ ባሕር ማዶ ሳዑዲ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከጎግ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ! መዳፍ በምታክል ሬዲዮ፣ ያለ ምንም ሽቦ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ!

አንድ ነገር ልንገራችሁና ትስቃላችሁ። ያችኑ ሬዲዮዬን አዲስ አበባ ይዤ ስመለስ ከጫጫታ በስተቀር ምንም አትሰማም። የኤል ኢ ዲው አምፖል ይጮኻል፣ የስልኩ ቻርጀር ይጮኻል፣ የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ይጮኻል። ዓለምን ለመስማት ከቦሌ ጎግ ይሻላል። የመብራት መስመር ያላየ መንደር በዚህ ብቻ በለጠን።

ፈረንጆቹ ዘንድ ይህ ነገር የመዝናኛ ሥራ ነው። በስካንዲኔቪያ ጫካ ውስጥ ጎጆ ተከራይተው፣ ረጅም ሽቦ ዘርግተው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሩቅ ጣቢያ ሲያድኑ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የሰሙትን መዝግበው ለጣቢያው ይልካሉ፤ ጣቢያውም የምስክር ካርድ ይልክላቸዋል። የኛው ብሥራተ ወንጌል ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደርግ በመጋቢት 1969 እስኪወርሰው ድረስ፣ በሁለት መቶ ኪሎ ዋት ማሰራጫዎቹ ዓለምን ሲያዳርስ ካርዱ ተፈላጊ ነበር። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ አልነቅፈውም። ጎግ ላይ ግን ጨዋታ አይደለም።

መምህሩ ደብተር አላቸው። የተማሪ ደብተር ነው፣ ባለ መስመር። ቀን፣ ሰዓት፣ ጣቢያ፣ «ጥሩ» ወይም «ደካማ»፤ ከጎኑ አንድ ወይም ሁለት ቃል። የመጀመሪያዎቹን ምስጥ በልቷቸዋል። የተረፉት ሰባት ናቸው። ያን ሌሊት በባትሪ ብርሃን እያገላበጥኩ ሳነብ አደርኩ። እስከ ዛሬ ካነበብኳቸው የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ያ ደብተር ይበልጥብኛል፤ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም.፤ «ኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ጥሩ። ሄደ።» ይላል። ማን ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው መውጣታቸው በሬዲዮ የተነገረበት ቀን ነው። ይህ ቀን ለአዲስ አበባ አንድ ነገር ነበር፤ ለጎግ ሌላ። ፑኝዶ ከ1980 ገደማ ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ይዞ ነበር። ከእነሱም ወላጅ የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ነበሩበት። ጋራንግ ከደርግ ጋር ወዳጅ ስለነበሩ ሬዲዮ ኤስ ፒ ኤል ኤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ መሬት ይሰራጭ ነበር። «ከሰዓት በኋላ ሲሆን መጠለያው በሙሉ ዝም ይል ነበር» አሉኝ መምህሩ። «አንድ ሬዲዮ ለሃምሳ ሰው። ልጆቹ የቅርጫት እህል ይመስል ተከምረው ይሰማሉ።» ደርግ ሲወድቅ ያ ሬዲዮም ጠፋ፤ ልጆቹም ጊሎን በዋና ለመሻገር ተነሡ። ብዙዎቹ አልተሻገሩም። ደብተሩ ላይ ከግንቦት 13 በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም አልተጻፈም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ድንጋይ የሚሸጥ አልነበረም» አሉኝ፤ ከዚያም ሌላ ወሬ አነሡ።

ስለ ድንጋይ ካነሣሁ አይቀር፤ የሬዲዮ ድንጋይ ጎግ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ። የደከመ ድንጋይ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ለሃያ ደቂቃ ነፍስ ይዘራል። ያ ሃያ ደቂቃ ለዜና ነው፤ ለዘፈን አይባክንም። መምህሩ መጀመሪያ አርዕስተ ዜናውን ይሰሙና ያጠፋሉ፤ ከዚያ ሌላ ጣቢያ ከፍተው ያንኑ ዜና ያመሳክራሉ። ሁለት ጣቢያ ከተስማሙ ይጽፉታል። ካልተስማሙ የጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ። እናንተ ጋዜጠኛ ነን የምትሉ፣ ሁለት ምንጭ ሳታመሳክሩ ስንት ዜና አውጥታችኋል? (ሳቅ።) እኔም ነኝ፤ ብቻችሁን አልተውኳችሁም።

አሁን ወደማልወደው ገጽ ልምጣ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.። በዚያን ቀን ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አኝዋኮች እየተመረጡ ተገደሉ። ወታደሮች ተሳትፈውበታል። ግድያው ለቀናት ቀጠለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ እስከ 424 የሚደርሱ ሰዎች እንደተገደሉ ጽፏል፤ መንግሥት ያመነው ቁጥር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ጎግ ከዚያ የመቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። በመንደሩ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም።

«በመንገደኛ አፍ ሰማን» አሉኝ መምህሩ። «መንገደኛ ሲፈራ ያበዛል፤ ሲያዝን ያሳንሳል። ስለዚህ ሬዲዮ ጠበቅን። አዲስ አበባን ከፈትኩ፤ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ጀርመንን ከፈትኩ፤ አሜሪካን ከፈትኩ። ደጄ ላይ ሰው ሞልቷል፤ አማርኛ የማይሰሙ አሉ፤ እኔ እሰማለሁ፣ ለእነሱ በአኝዋክ እመልሳለሁ። ስም ይጠራል ብለን ነበር የጠበቅነው። ሬዲዮ ግን ስም አይጠራም፤ ቁጥር ነው የሚጠራው። በዚያ ሳምንት አራት ድንጋይ ጨረስኩ።»

ደብተሩ ላይ በዚያ ሳምንት የተጻፈው ጣቢያና ሰዓት ብቻ ነው። ከጎኑ ቃል የለም።

ወገኖቼ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የተገደለ ዘመዱን ወሬ ለማረጋገጥ አንድ ሰው ዋሽንግተንና ቦን ድረስ ጆሮውን መዘርጋት ነበረበት። ያውም በራሱ ቋንቋ አይደለም። ዶይቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው መጋቢት 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ድምፅ በ1982 እ.ኤ.አ. በአማርኛ ጀመረ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ኦሮምኛና ትግርኛ ጨመረ። ቢቢሲም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በነዚሁ በሦስቱ መጣ። እሰየው! ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም በአኝዋክ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተናገረም። ስለዚህ በጎግ አንድ ሬዲዮ ብቻ በቂ አይደለም፤ ከሬዲዮው ጎን አንድ አስተርጓሚ መምህር ያስፈልጋል። መምህሩ ሲታመሙ መንደሩ ደንቆሮ ይሆናል ማለት ነው።

የመንግሥት ነገር ደግሞ! መጋቢት 2002 ላይ አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን አማርኛ ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ ለማፈን ዝግጅቱ ሲጠናቀቅ ፈቃዳቸውን እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናገሩ። እስከዚያ ድረስ የሚያፍን የለም ሲባል ነበር የከረመው። የመምህሩ ደብተር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ «ጫጫታ»፣ «ጫጫታ»፣ «ጫጫታ» እያለ ይወርዳል። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ በቀይ፤ «ዛሬ ጫጫታው በርትቷል። ትልቅ ነገር አለ።» ይላል። አያችሁት? አፋኙ ራሱ ዜና ሆነ። መምህሩ ምን ያደርጋሉ፣ ጣቢያው በሌላ የአጭር ሞገድ ቁጥር ላይ ደግሞ እንደሚኖር ስለሚያውቁ መቃኛውን ቀስ እያደረጉ ይሄዳሉ። ያፈኑት አንዱን በር ነው። ሁሉንም በር በአንድ ጊዜ መዝጋት ገንዘብም ኤሌክትሪክም ይጠይቃል።

ስልክን ለመዝጋት ግን አንድ ጣት ይበቃል። ይህን በዓይናችን አይተናል። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ ስትቀር አይተናል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው ምን አደረገ? ከቆጥ ላይ አሮጌ ሬዲዮ አወረደ፤ አቧራውን አራገፈ። ሬዲዮ መስማት ሲም ካርድ አይፈልግም። ማን እንደሰማ፣ መቼ እንደሰማ፣ የትኛውን እንደሰማ የሚመዘግብ የለም። ደርግ ዘመን የነበሩ አባቶቻችን የሻዕቢያን ሬዲዮ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲሰሙ ይፈሩ የነበረው የጎረቤትን ጆሮ እንጂ የሬዲዮውን ምላስ አልነበረም። ዛሬ የያዝነው ስልክ ግን ምላስ አለው።

«ታዲያ የግል ሬዲዮ ተፈቅዶ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሕጉ በ1991 ዓ.ም. ወጣ። የመጀመሪያዎቹ የግል ጣቢያዎች የተሰሙት ግን ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ እነሱም በኤፍ ኤም፣ እነሱም ለአዲስ አበባ። የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም አቦቦን አያይም፤ ጎግን አያይም። የአዲስ አበባን የትራፊክ መጨናነቅ የምንሰማው እኛው፣ መጨናነቁ ውስጥ ቁጭ ብለን ነው። መካከለኛ ሞገድ ላይ ለመቆም ትልቅ ማሰራጫና ብዙ መብራት ይጠይቃል፤ ነጋዴው ያተርፍበት ዘንድ አይታየውም። ነጋዴው ላይ አልፈርድም። መንግሥት ላይ ግን እፈርዳለሁ፤ ግብር የሚከፍል ሁሉ የሚሰማውን የማግኘት መብት አለውና።

ደግሞ ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። ጀርመን በ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎቿን ዘጋች። «ዘመኑ አልፎበታል» አሉ። ቢቢሲ ለ85 ዓመት የቆየውን የዐረብኛ ሬዲዮ በጥር 2015 ዓ.ም. ዘጋ። ሦስት ወር አልሞላም፤ ሚያዝያ ላይ ሱዳን በጦርነት ተቀጣጠለች። ስልኩም፣ መብራቱም፣ ኢንተርኔቱም ሲጠፋ ቢቢሲ ተመልሶ መጥቶ በአጭር ሞገድ ለሱዳን የአስቸኳይ ጊዜ ፕሮግራም ከፈተ። ወይ ጉድ! ዘመኑ አልፎበታል የተባለው ነገር በሳምንታት ውስጥ ዘመኑ ተመለሰ። ያ ጦርነት ከጎግ ሩቅ እንዳይመስላችሁ።

ከእናንተ አንዱ ስገባ በር ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ሬዲዮ የሽማግሌ ነገር አይደለም ወይ?» ብሎኛል። (ጋሼ ማለቱ ነው የከፋኝ፤ ገና አርባ አልሞላሁም።) መልሴን እዚሁ ልስጠው። አዎ፤ የሽማግሌ ነገር ነው። የሽማግሌ፣ የገበሬ፣ የስደተኛ፣ የወታደር፣ የእረኛ። አንተ የምትጽፍላቸው ናቸው ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ መሰለኝ።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ወደ መስክ ስትወጡ ትንሽ ሬዲዮና አራት ድንጋይ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ገጠር ገብታችሁ «ከየት ሰማችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሰዎች ይላሉ» በሚል አትለፉት፤ የትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ተረጎመው በሉ። መምህሩ ያሉትን የመሰለ ደብተር የያዙ ሰዎች በየወረዳው አሉ ብዬ አምናለሁ። ምስጥ እየበላቸው ነው።

አንድ ነገር ቀረኝና ልጨርስ።

መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ታገዱ፤ አማርኛውም ጸጥ አለ። ያፈነው የለም፤ ቤቱ ራሱ ነው የዘጋው። ቀኑን አስተውላችሁታል? ዶይቸ ቬለ አማርኛን የጀመረበት ያው መጋቢት 6 ነው፤ ልክ በስድሳኛ ዓመቱ። አጋጣሚ ነው፤ ግን ሰውን ያሳዝናል። አዲስ አበባ ላይ ወሬውን በስልካችን በሰዓታት ውስጥ ሰማን፤ ጥቂት ተከራከርንና ወደ ሌላ ወሬ ሄድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ። መምህሩ ናቸው። አሁን እዚያም አንዳንዴ ኔትወርክ ይገባል፤ ሲገባ ጉብታ ላይ ወጥተው ነው የሚደውሉት። ሰላምታውን ሳንጨርስ፣

«ልጄ፣ ሬዲዮዬ ተበላሸ» አሉኝ።

«ምን ሆነ?»

«መቱ ይሰማል። ዐረቦቹ ይሰማሉ። ጀርመንም በ1 ሰዓት ይሰማል። የ3 ሰዓቱ ግን የለም። ድንጋይ ቀየርኩ። እንደገና ሌላ ድንጋይ ገዝቼ ቀየርኩ። ሽቦ ወደ ማንጎው አወጣሁ። ዱካውን አዞርኩ። ጫጫታ እንኳ የለም እኮ! ጫጫታ ቢሆን አውቀዋለሁ።»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ መምህር» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ደብተሩ ላይ ‹የኔ ሬዲዮ ችግር› ብዬ ጽፌ ነበር፤ ለአሥራ አራት ቀን። ልሰርዘው ነው።»

«ምን ብለው ሊጽፉ ነው?»

«እሱን ነው የማስበው» አሉኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።